ባና፣ ቅቤና ወይባ

በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ስፓዎች «ቦዲ ራፕ» የሚባለው አገልግሎት አሠራሩ ቀላል ነው። ገላ ታሽቶ ይጸዳል፤ ዘይት፣ ጭቃ ወይም የተፈጨ ቅጠል ይቀባል፤ ሰውየው በፕላስቲክና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያልበዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይታጠባል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን መቀባት፣ መጠቅለልና ማላብ በሰሜን ሸዋ የቆየ ሙያ ነው እላለሁ፤ ሦስቱን ያገናኛቸውም ደጋውን ከቆላው የሚለየው የአንኮበር ቁልቁለት ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ከእሷ በስተሰሜን ያለው የመንዝ በግ ጠጉሩ ወፍራምና ሻካራ ሲሆን ከእሱ ባናና በርኖስ የሚባሉ ወፍራም ልብሶች ይሠራሉ፤ ደብረ ብርሃንም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። ቅቤውም የደጋው ነው። ወይባ ግን የቆላ ዛፍ ነው። ከአንኮበር ወደ ይፋት ሲወረድ፣ የአንድ ቀን መንገድ ሳይሞላ፣ በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) የደጋና የቆላ ሸቀጥ የሚገናኝበት የአልዩ አምባ ገበያ ነበር፤ ባና፣ ቅቤና ወይባ ሊገናኙ የቻሉትም በዚህ ነው እላለሁ። ከይፋት እስከ ወሎ የታወቀው አሠራር እንዲህ ነው፦ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፍም ይደረግበታል፤ የወይባ እንጨት ተፈልጦ ይጨመራል፤ አራሷ ወይም ሙሽራዋ ገላዋን ቅቤ ተቀብታ ከጉድጓዱ በላይ ትቀመጣለች፤ ራሷ ብቻ እስኪቀር በወፍራም ልብስ ትሸፈናለች። ላብ እስኪወርዳት ትታጠናለች፤ ይህም ቀናትን እየቆጠረ ይደጋገማል።

«ቅቤና ባና ለብርድ እንጂ ለሕክምና አይደለም» የሚል ይኖራል። ብርዱ የሁሉም ነው፤ ወይባ የሚታጠነው ግን ሁሉም አይደለም። ለይቶ ለአራስና ለሙሽራ መደረጉ፣ ቅደም ተከተልም መያዙ፣ ከልብስነት አልፎ ሙያ መሆኑን ያሳያል። «ታዲያ ለምን በጽሑፍ አልተገኘም?» ለሚለውም መልስ አለ። በ1841 እ.ኤ.አ. አንኮበር የደረሰው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሜጀር ሃሪስ በአደባባይ ስላየው ቅቤ የተቀባ ፀጉር ጽፏል፤ የአራስ ጓዳ ግን ለእንግዳ ወንድ አይከፈትም። በዚያው ዘመን ኦስትሪያዊው ቪንሰንት ፕሪስኒትስ ሕመምተኞቹን በእርጥብ አንሶላና በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያላብ ነበር፤ የእሱ ሥራ ተጻፈለት፣ የእኛ እናቶች ሥራ ግን አልተጻፈም። የሱዳን ሴቶችም በሱፍ ጨርቅ ተሸፍነው የግራር ጢስ ይታጠናሉ። ይህ መመሳሰል ሙያው የሸዋ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል፤ ሸዋ ከሌላ ቀድታዋለች ለማለት ግን አያበቃም።

የሚበረታው ተቃውሞ የጤና ነው፣ በዚህ ላይም እስማማለሁ። ጢስ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ ፍም ያቃጥላል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ከባድ ሙቀት አደገኛ ነው። ስፓዎቹ «መርዝ ያወጣል፣ ያከሳል» የሚሉትም አይታመንም፤ በላብ የጠፋው ክብደት ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል፣ የሰውነትን ቆሻሻ የሚያጣሩትም ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ይሁንና የሕክምናው ወሰን ታሪኩን አያጠፋውም። አያቷ ወይባ የታጠኑ አንባቢ ካለች፣ እንጨቱን ከየት እንዳመጡት፣ ምን እንደለበሱ፣ ሙቀቱ መብቃቱንስ በምን እንዳወቁ ዛሬ ጠይቃ ትጻፍልን።