ራስል ፏፏቴ

ራስል ፏፏቴ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ደሴት፣ ከሆባርት ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ በማውንት ፊልድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። አካባቢው የተከለለው በ1885 እ.ኤ.አ. ሲሆን ፓርኩ የተቋቋመው በ1916 ነው።

ውሃው በአንድ ዝላይ አይወርድም። ጠንካራው የአሸዋ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ለስላሳው ንጣፍ ተሸርሽሮ እርከን ይሠራል፤ ጅረቱም በየእርከኑ እየተበተነ ይንቆረቆራል።

ከጎብኚዎች ማዕከል የሚነሳው የጫካ መንገድ አጭርና የተደላደለ ስለሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጓዙም ይደርሱበታል፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ችኮላ ግን አያዋጣም፤ በመንገዱ ላይ የሚታይ አለና። ከዛፍ የሚስተካከሉ ፈርኖች መንገዱን ያጠላሉ። በአቅራቢያው የሚገኘው ግዙፍ ዛፍ ደግሞ ኢትዮጵያውያን በደንብ ከሚያውቁት ባሕር ዛፍ ወገን ነው፤ ዝርያው ከ90 ሜትር በላይ ያድጋል፣ ከአበባ አውጪ ተክሎች እጅግ ረጃጅሞቹም አንዱ ነው።

ከፏፏቴው በላይ ሆርስሹ የተባለ ሌላ ትንሽ ፏፏቴ አለ። ሁለቱም ከዝናብ በኋላ ይደምቃሉ።