አካቶ ትምህርት በኢትዮጵያ

አካቶ ትምህርት አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው፣ ቋንቋቸውና የቤታቸው ኑሮ የተለያየ ልጆች በሰፈራቸው መደበኛ ትምህርት ቤት አብረው የሚማሩበት፣ ትምህርት ቤቱም ማስተማሪያውን፣ ምዘናውንና ግቢውን ለእነሱ የሚያመቻችበት አሠራር ነው። ልጁን መመዝገብ ብቻውን አካቶ አይባልም። ስሙ በሮስተር ላይ ሰፍሮ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጥያቄ ያልተጠየቀ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢውልም ከትምህርቱ ውጭ ነው። በአገራችን ስያሜው ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከአካል ጉዳት ጋር ቢሆንም የሴት ልጆች፣ የአርብቶ አደር ልጆች፣ የድሃ ልጆችና የትምህርቱ ቋንቋ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ልጆች ጉዳይም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

ከልዩ ትምህርት ቤት ወደ መደበኛው

የአካል ጉዳተኞች ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ የተጀመረው በተለዩ ትምህርት ቤቶች ነው። ለዓይነ ስውራን ሰበታ፣ ባኮ፣ ሻሸመኔና የወላይታ ሶዶው ኦቶና፣ መስማት ለተሳናቸው ደግሞ መካኒሳ፣ አልፋና ሆሳዕና ይጠቀሳሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሚሲዮናውያንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ትምህርት ቤቶቹ የሚይዙት ልጅ ጥቂት ነበር፤ አብዛኞቹም አዳሪ በመሆናቸው ልጁ ከወላጆቹ ርቆ ያድግ ነበር። ዛሬ እነሱን እንዳለፈበት አሠራር ማጣጣል ፋሽን ሆኗል። ይህ ግን ሚዛናዊ አይደለም፤ በጣት የሚዳሰሰው የዓይነ ስውራን ጽሑፍ፣ ብሬል፣ እንደ ልብ የሚነበብባቸው፣ በምልክት ቋንቋ ቀልድ የሚወራባቸው ሥፍራዎች እነሱ ነበሩና። በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኘችው የሕግ ባለሙያና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች የትነበርሽ ንጉሤ መሠረቷን የጣለችው ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ተማረች። ብሬሉን አጥርቶ ወደ መደበኛው ክፍል የገባ ልጅና ሳይዝ የገባ ልጅ ዕድላቸው አንድ አይደለም።

ሕጉ

በወረቀት ደረጃ አገሪቱ ብዙም አልዘገየችም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸው ልጆች እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ይላል። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ስፔን ሳላማንካ ላይ ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ የሚጠይቀውን መግለጫ አወጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጣለ። የትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተከለሰ፤ በመካከሉ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸደቀ። የስምምነቱ አንቀጽ 24 በቀጥታ የሚናገረው ስለ አካቶ ትምህርት ነው።

በክፍል ውስጥ

ሕጉ የሚፈተነው ጠመኔና ሰሌዳ ባለበት ነው። መምህሩ የሒሳብ ቀመር እየጻፈ «ይህን ከዚህ ብናነሳ፣ ያኛው ወዲህ ይመጣል» ሲል፣ የሚያይ ተማሪ ይገባዋል፤ ዓይነ ስውሩ ግን «ይህ» እና «ያኛው» ምን እንደሆኑ አያውቅም። የሚጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ «ኤክስ ሲደመር ሦስት» ብሎ በስሙ መጥራት፣ ምንም በጀት አይጠይቅም። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲናገር ደግሞ የሚቸገረው ከንፈር እያየ የሚከታተለው ልጅ ነው። ጽፎ ሲጨርስ ዞሮ መናገርም እንዲሁ ነጻ ነው። እንዲህ ያሉ ልማዶች በቀላሉ ሊያዙ ሲችሉ አለመያዛቸው የሚያስቆጭ ነው።

ሌላው ግን በልማድ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ዓይነ ስውር ተማሪ የሚጽፈው ስሌት በሚባል ቀዳዳማ ገበታና ስታይለስ በሚባል መውጊያ፣ ወፍራሙን ወረቀት ነጥብ በነጥብ እየበሳ ነው። በፊደል ገበታው «ሉ» አንድ ቅርጽ ናት፤ በአማርኛ ብሬል ግን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። በዚህ የተነሳ ጽሑፉ ይረዝማል፣ ወረቀትም ጊዜም ይፈጃል። መምህሩ ብሬል ካላነበበ የልጁን ደብተር ማረም አይችልም። ልጁ ፈተናውን ለአንባቢ በቃሉ እየነገረ ያጽፋል፤ ሆሄ ይጣል አይጣል ማንም ሳያውቅ ከክፍል ወደ ክፍል ይሸጋገራል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከፍ ባሉት ክፍሎች ሒሳብ ሳይማሩ ማለፋቸው ለረጅም ጊዜ እንደ ርኅራኄ ተቆጥሮ ቆይቷል። ዳሩ ግን የተፈጥሮ ሳይንስን በር የሚዘጋው ይኸው ርኅራኄ ነው።

መስማት የተሳናቸው ልጆች በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሙሉ ሐሳብ ይለዋወጣሉ፤ ስምና እንግዳ ቃል ሲገጥማቸው በጣት ፊደል ይጽፋሉ። የጣት ፊደሉ አሠራር ብልሃት የተሞላበት ነው፦ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ሲያሳይ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእንቅስቃሴው ይለያሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቋንቋው ላይ የዲግሪ ትምህርት ይሰጣል። መደበኛ ክፍል ውስጥ ግን አስተርጓሚ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ደብተር እየገለበጠ ይውላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ለአካቶ አስተማሪ ምሳሌ ነው። ሐሳቡ በአንድ በኩል ፍትሐዊ ነበር፦ የገጠሩም የከተማውም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በሳተላይት እንዲያገኝ። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ያለው አቅራቢ በእንግሊዝኛ በራሱ ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ተማሪ አልገባኝም ቢለው አይመለስም ነበር። ሥዕሉ ለማያይ፣ ድምፁ ለማይሰማ፣ እንግሊዝኛውም ገና ላልገባው ብዙ ተማሪ አልደረሰም። ለሁሉም እኩል የታደለ ነገር ለሁሉም እኩል ላይጠቅም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የቋንቋው ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች ይሰጣል፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ሽግግር እንደ ክልሉ በ5ኛ፣ በ7ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል ሲሆን ቆይቷል። በመሸጋገሪያው ዓመት መምህሩ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ይጽፍና ማብራሪያውን በአገሩ ቋንቋ ይሰጣል። አንዳንድ ተቆጣጣሪዎች ይህን እንደ ጥፋት ያዩታል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትምህርቱ ወደ ልጁ የሚደርሰው በዚያ ማብራሪያ ነው። ቋንቋው በተደባለቀበት ከተማ ያንን ማብራሪያ የማይሰማ ልጅ አብሮ መቀመጡንም መምህሩ ልብ ማለት አለበት።

ስለ ድህነት አንድ ነገር እናንሳ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስና ደብተር በነጻ ታድላለች፣ ምገባም ታካሂዳለች። ምሳ ዕቃ ይዞ የመጣና ያልያዘ ልጅ በዕረፍት ሰዓት የሚለያዩበት ትዕይንት በዚህ ቀርቷል፤ በትምህርት ፍትሕ ስም ከተሠሩ ሥራዎች ሁሉ ውጤቱ በዓይን የሚታየው ምናልባት ይህ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣ ማካካሻ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲደርስ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ሲወጣ ቆይቷል። ተቺዎቹ ብቃትን ይጎዳል ይላሉ፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ ታሪካዊ በደልን ይክሳል ባዮች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ነጥቡ የሚያካክሰው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያልተሰጠ ትምህርትን መሆኑን ነው። ብሬል ያልተማረ ልጅ ዝቅ ባለ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም እዚያ የሚያነበው አያገኝም።

የመምህራኑን ሸክምም ማየት ያሻል። የትምህርት ሚኒስቴር መስፈርት በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ብዙ ክፍሎች ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ሥልጠናን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ነገ መምህር ለሚሆኑትም ጭምር፣ በሚሰጧቸው የጋራ ኮርሶች ውስጥ አካታችነት ተካቷል። ኮርሱ በጎ ነው፤ ነገር ግን በአንድ መንፈቅ ኮርስ ብሬል ማንበብም በምልክት ቋንቋ ማስተማርም አይቻልም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂው መፍትሔ ብሎ ያስቀመጠው በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ መስጫ ማዕከል ከፍቶ፣ የሠለጠነ መምህር በአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንዲዘዋወር ማድረግን ነው። ዛሬ በመደበኛ ክፍል የተቀመጠ ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ልጅ ምን ያህል እንደሚማር የሚወስነው እንዲህ ያለ ማዕከል በአቅራቢያው መኖሩና መምህሩ መመደቡ ነው።