የራንፍቱ ባሕታዊ፦ ታሪኩና ትውፊቱ

ባሕታዊ ዓለምን ንቆ የወጣ ሰው ነው ይባላል። ይሁን እንጂ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ታሪክ፣ ከዓለም ከሸሸ በኋላ ከቀድሞው ይበልጥ ለዓለም ጉዳይ የተፈለገ አንድ ባሕታዊ እናገኛለን። እርሱም የአገሩ ሕዝብ «ወንድም ክላውስ» እያለ የሚጠራው የስዊዘርላንዱ ኒኮላስ ፎን ፍሉኤ ነው።

ኒኮላስ እ.ኤ.አ. በ1417 በተራራማው በኦብቫልደን ምድር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ፊደል ያልቆጠረ ቢሆንም የራሱ እርሻና ከብት የነበረው፣ በጦር ሜዳ የዘመተ፣ በዳኝነትና በምክር ቤት አባልነት ያገለገለ ሰው ነበር። ከሚስቱ ከዶሮቴያ ቪስ 5 ወንዶችና 5 ሴቶች ልጆች ወልዷል። በ50 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1467፣ የመጨረሻው ልጅ ገና ጨቅላ ሳለ ይህን ሁሉ ትቶ ወጣ። ሩቅ አገር ለመሄድ ቢያስብም ከመንገድ ተመልሶ ከቤቱ ብዙ በማይርቀው በራንፍት ሸለቆ ሰፈረ። ትውፊቱ ስለ ባሕታዊው ተጋድሎ አብዝቶ ሲተርክ፣ ፈቃዷን ሰጥታ ቤቱን ይዛ ስለ ቀረችው ሴት የሚለው ጥቂት ነው። ታሪክ ጸሐፊ ግን የእርሷንም ሸክም ሊመዝን ይገባል።

ኒኮላስ 20 ዓመት ያህል እህል ሳይቀምስ እንደ ኖረ ይነገራል። የአካባቢው ሰዎች በድብቅ ምግብ ይገባለት እንደሆነ ለማወቅ ጠባቂ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ጾሙ በታሪክ ማስረጃ የሚረጋገጥ አይደለም፤ የዘመኑ ሰዎች ማመናቸው ግን የተረጋገጠ ነው። ለቃሉ ክብደት የሰጠውም ይኸው እምነት ነበር።

ይህ ክብደት የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1481 ነው። በቡርጎኝ ጦርነት ድል ያደረጉት 8ቱ የስዊዘርላንድ ተባባሪ ግዛቶች በምርኮ ክፍፍልና በፍሪቡርግና በዞሎቱርን ከተሞች አባልነት ተጣልተው ነበር። የገጠሩ ግዛቶች የከተሞችን መጠናከር ፈሩ። በሽታንስ የተሰበሰቡት መልእክተኞች ሊበተኑ ሲሉ፣ የከተማው ቄስ ሃይኒ አም ግሩንድ በሌሊት ወደ ራንፍት ገስግሶ የባሕታዊውን ምክር ይዞ ተመለሰ። ዲሴምበር 22 ቀን ስምምነት ተደረገ፤ ሁለቱ ከተሞችም ተቀባይነት አገኙ። የጉባኤው መዝገብ ወንድም ክላውስ ለሰላሙ የደከመውን ድካም ይመሰክራል።

የምክሩ ቃል ግን አልተጻፈም። ይህን ባዶ ቦታ ትውፊት ሞላው። የኋላ ዘመን ሠዓሊዎች ባሕታዊውን ራሱን በጉባኤው መካከል አቁመው ሣሉት፤ እርሱ ግን በዚያ አልተገኘም። «አጥራችሁን አታስፉ» የሚለው ዝነኛ ምክርም በስሙ የተጻፈው ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1537 ነው። የኋላው ትውልድ ለገለልተኝነት መርሑ ጥንታዊ አባት ሲፈልግ ይህን ቃል አነሣ።

ኒኮላስ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1487 አረፈ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስናውን ያወጀችው በ1947፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ ነው።

እንግዲህ አፈ ታሪክን ከማስረጃ መለየት አፈ ታሪክን መናቅ አይደለም። መዝገቡ በ1481 የሆነውን ሲነግረን፣ ሥዕሉና ተረቱ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሕዝብ ምን ይሻ እንደ ነበር ይነግረናል። የታሪክ መምህርም ሆነ የኪነ ጥበብ ባለሙያ ሁለቱንም ሊያነብ፣ አንዱንም በሌላው ቦታ ላያስቀምጥ ይገባዋል።