ጉድፍ፣ ኩፍኝ፣ ፈንጣጣ፤ የሦስት ስሞች ታሪክና የሕሙም ልጅ አያያዝ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቱሉ ዲምቱ ስሙን ያገኘው ከኦሮምኛ ነው፤ «ቱሉ» ኮረብታ ወይም ተራራ፣ «ዲምቱ» ቀይ ማለት ነው። በባሌ ያለው የ4,377 ሜትር ተራራም በዚሁ ስም ይጠራል። የእርሻ መሬት የነበረው ይህ ሥፍራ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የተደረደሩበት ሰፈር ሆኗል። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች ከየአገሩ የመጡ ስለ ሆኑ፣ አንዱ የልጅ ሕመም በየበሩ ልዩ ልዩ ስም ይሰጠዋል። አንዷ እናት «ጉድፍ ነው» ስትል፣ ጎረቤቷ «ኩፍኝ ነው» ትላለች፤ በዕድሜ የገፉት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፈንጣጣ እንዳይሆን» ይላሉ። ነገሩ የቃላት ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ይተው ነበር። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ በቤት ታሞ የሚዳንበት፣ ሁለተኛው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ፣ ሦስተኛውም ከምድረ ገጽ የጠፋ በሽታ ነው። እናትየው በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ የምትናገረው አንድ ቃል የሚሰጣትን ምክር ይወስናል።

«ጉድፍ» የሚለው ቃል በአማርኛ መጀመሪያ የሚያመለክተው ጥራጊን፣ ቆሻሻን፣ ንጹሕ ነገር ላይ የወደቀን ጥቃቅን ነገር ነው። በወንጌል በወንድም ዓይን የሚታየው ጉድፍ ይኸው ነው፤ «ስም ማጉደፍ» የምንለውም ከዚሁ ይወጣል። እንግዲህ በልጁ ንጹሕ ገላ ላይ በድንገት የሚበተነው ነጠብጣብ ጉድፍ መባሉ ለዓይን የተገባ ስያሜ ነው። (ገላ ላይ የሚወጣውን «ሽፍታ» የምንልበትም መንገድ እንዲሁ ያስደንቃል፤ ጫካ ከገባው ዐመፀኛ ጋር አንድ ስም ይጋራል።)

የጉድፍ ታሪክ ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ የኖረው በፈንጣጣ ጥላ ነው። ፈንጣጣ ፊትን አበላሽቶ፣ ዓይን አጥፍቶ፣ ቤት ዘግቶ የሚሄድ ስለ ነበር ታሪክ ጸሐፊዎችና መንገደኞች የሚያነሡት እርሱን ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ገብቶ ነበር፤ ሕሙማኑ በቁስቋም ቤተ መንግሥት በተዘጋ ክፍል ተኝተው አግኝቶ በርና መስኮቱን እንዳስከፈተ፣ ቤቱንም እንዳሳጠነና እንዳሳጠበ ጽፏል። ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1767፣ ዊልያም ሄበርደን የተባለ ሐኪም ለለንደን ሐኪሞች ጉድፍና ፈንጣጣ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን በዝርዝር አስረድቶ ነበር። በእንግሊዝ ሊቃውንት ዘንድ እንኳ ልዩነቱ የጠራው በዚያን ጊዜ ከሆነ፣ በእኛ አገር የጥንት መዛግብት «ፈንጣጣ» የሚለውን ቃል ባገኘን ቁጥር ዛሬ የምናውቀውን አንዱን በሽታ ብቻ ያመለክታል ብሎ መደምደም አይገባም።

ያገራችን ሰው ፈንጣጣን ቁጭ ብሎ አልጠበቀውም። በሽታው ከቀለለለት ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ፣ የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጫር አድርጎ ማስገባት ከዘመናዊው ሕክምና መምጣት በፊት የታወቀ ጥበብ ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው ናትናኤል ፒርስም ይህን አይቶ ጽፏል። ዛሬ «ክትባት» የምንለው ቃል የመጣበት «ከተበ» የሚለው ግሥ በግእዝ ጻፈ ማለት ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ»ም ከዚሁ ይወጣል። በብራና ላይ የተጻፈው ክታብና በክንድ ላይ የተጫረው ክትባት ሁለቱም ከክፉ ይጠብቃሉ ተብሎ የታመነባቸው ጽሕፈቶች ስለ ሆኑ፣ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ለእኔ እንግዳ አይመስለኝም።

ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺሕ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። በአገሪቱ ይታይ የነበረው ፈንጣጣ ቀላል የሚባለው ዓይነት፣ ከመቶ ሕሙማን አንድ ሁለቱን የሚገድል ስለ ነበር፣ በመልኩ ከጉድፍ ጋር መምታታቱ ለሠራተኞቹ የዘወትር ፈተና ሆነ። ከመንደር መንደር በእግርና በበቅሎ እየዞሩ የታመመ ልጅ ሥዕል ያለበትን ካርድ ለሕዝቡ ያሳዩ ነበር፤ ስሙ በየአገሩ ስለሚለያይ ሥዕሉ ከስሙ ይልቅ ይታመን ነበር ማለት ነው። መለያው ይህ ነበር፤ የፈንጣጣ ቁስል በፊት፣ በእጅና በእግር ይበዛል፣ መዳፍና ውስጥ እግርንም ይይዛል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበስላል። ጉድፍ ግን በደረትና በጀርባ ይበዛል፣ በየዕለቱም አዲስ ስለሚወጣ ቀይ ነጥቡ፣ ውሃ የቋጠረውና የደረቀው ቅርፊት በአንድ ገላ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመም በኦጋዴን በረሃ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ፤ በሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን አወጀ። ከዚያ በፊት ፍለጋው ሳይቋረጥ በቀጠለባቸው ወራት «ፈንጣጣ ወጣ» ተብሎ ከተደረሰበት ወሬ ብዙው ጉድፍ ወይም ኩፍኝ ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ ቱሉ ዲምቱው ሕፃን እንመለስ። ኩፍኝ ከሆነ በቅድሚያ ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን መቅላት ይታያል፤ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ጀምሮ ይወርዳል፣ ውሃ አይቋጥርም። ይህ ሕፃን በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ፣ ቫይታሚን ኤም ማግኘት አለበት። ጉድፍ ከሆነ ግን አብዛኛው ሕፃን በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ በቤት ይድናል። ጥፍሩን ማሳጠር፣ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ስስ ልብስ ማልበስ፣ ለማሳከኩ ካላማይን መቀባት፣ ለትኩሳቱ በልኩ ፓራሲታሞል መስጠት ይበቃል። አስፕሪን ለሕፃኑ አይሰጥም፤ በጉድፍ ጊዜ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ብርቱ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ቁስሉ ሁሉ እስኪደርቅ ድረስ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ የጎረቤቱ ልጅ የሚታመመው ግን ከ10 እስከ 21 ቀን ቆይቶ ስለ ሆነ፣ በአንድ ሕንፃ የገባ ጉድፍ ወር ሁለት ወር ሲንከራተት ይታያል።

ያገር መድኃኒትን በሚመለከት ሁሉንም በጅምላ መንቀፍም ማወደስም አልወድም። ዳማከሴ የምች መድኃኒት መሆኑ በየጓሮው የታወቀ ነው፤ ሽታው ለታመመ ሰው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የቅጠል ጭማቂም ሆነ ቅቤ በፈነዳ ቁስል ላይ ሲቀባ ቁስሉን ሊያመረቅዝ ይችላል። ገላው ውሃ አይንካው፣ መስኮቱ ይዘጋ የሚሉም አሉ፤ ብሩስ በቁስቋም ያገኘው ልማድ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ገና ይገናኘናል። ሕፃኑ መተንፈስ ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳቱ አልበርድ ካለ ግን የቤቱ ሕክምና ያበቃል፤ በክፍለ ከተማው ጤና ጣቢያዎችም ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም አሉ። ነፍሰ ጡር፣ አራስ ሕፃንና የመከላከል ዐቅሙ የደከመ ሰው ገና ከመጀመሪያው ሐኪም ያየው።

ስለ ጉድፍ ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ሕፃኑ ከዳነ በኋላ ሕዋሱ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ጎን መስመር ይዞ እየለበለበ ሲወጣ ሕዝባችን «አልማዝ ባለጭራ» ይለዋል። ቶማስ ዌለር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሁለቱ ሕዋስ አንድ መሆኑን አረጋገጠ። አማርኛ አንዱን ከቆሻሻ፣ ሌላውን ከዕንቁ ሰይሞ ዝምድናቸውን አላስታወቀም፤ ስለዚህ አልማዝ ባለጭራ የያዛቸው አያት ሕፃን ልጅ አቅፈው ጉድፍ ሊያስይዙት እንደሚችሉ ከስሙ የሚረዳ የለም።

ስለ ስያሜው አሳቤ ይህ ነው። የእንግሊዝኛውን ስም ቃል በቃል ገልብጦ «የዶሮ ፈንጣጣ» ማለት አይገባም። ዶሮ ከበሽታው ጋር ምንም የላትም፤ «ፈንጣጣ» የሚለውም የጠፋውን በሽታ ያስታውሳል፣ ያስፈራል። በ2014 ዓ.ም. በጋዜጣው «የዝንጀሮ ፈንጣጣ» መባል የተጀመረውና በግንቦት 2017 ዓ.ም. በሞያሌ የተገኘው በሽታም በዓለም «ኤምፖክስ» ተብሎ ስሙ ከታደሰ ወዲህ፣ ያንኑ በፊደላችን መጻፍ ይሻላል። ለጉድፍ ግን የተዘጋጀ ቃል በእጃችን አለ። የመዝገበ ቃላቱ አንቀጽ እንዲህ ቢጻፍ እመርጣለሁ፤

ጉድፍ፤ ስም። ፩) ጥራጊ፣ ቆሻሻ፤ በዓይን የገባ ጥቃቅን ነገር። ፪) በአብዛኛው ልጆችን የሚይዝ ተላላፊ በሽታ፤ በደረትና በጀርባ የሚበዛ፣ ውሃ የሚቋጥርና የሚያሳክክ ሽፍታ ያለው። ከኩፍኝ ልዩ ነው። ከፈንጣጣ ልዩ ነው። አልማዝ ባለጭራ የሚለውን ተመልከት።