የጀርማኒየም ጠርሙስና ዘግይተው የመጡት አይጦች

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ አንድ ንጥረ ነገርና ስለ አይጦች ላወራችሁ ነው። ረዘም ይላል፤ ግን ቤታችን ድረስ የሚመጣ ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርማኒየም ሳይገኝ በፊት የተተነበየ ነገር ነው። ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ በ1871 በሠንጠረዡ ላይ ቦታ ትቶለት ነበር፤ ጀርመናዊው ክሌመንስ ቪንክለር በ1886 አገኘውና በአገሩ ስም ጠራው። በ1947 የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተሠራው በእሱ ነው። እስከዚህ ድረስ በዋናነት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነበር።

መድኃኒት ነው ብሎ በሰፊው ያስተዋወቀው ጃፓናዊው ኢንጂነር ካዙሂኮ አሳይ ነው። የድንጋይ ከሰል ተመራማሪ ነበር። ከሰል ውስጥ ጀርማኒየም አለ፤ ከሰል ደግሞ የጥንት ዕፅዋት ቅሪት ነው፤ እንግዲያው ለሕይወት የሚጠቅም ነገር መሆን አለበት ብሎ አሰበ። በ1967 ጀርማኒየምን ከካርቦን ጋር አያይዞ በውሃ የሚሟሟ ውህድ ሠራ። ጂኢ-132 ይባላል፤ “ኦርጋኒክ ጀርማኒየም” እየተባለ የሚሸጠው በዋናነት ይኸው ነው። ብዙ በሽታ ያድናል ብሎ መጽሐፍም ጻፈ።

ገበያው ሮጠ። መጀመሪያ በጃፓን፣ ቀጥሎ በአሜሪካና በአውሮፓ ሰው ለወራት፣ ለዓመታት ይወስደው ጀመር። በአጭር ጊዜ የእንስሳት ሙከራ የሚያስደነግጥ መርዝነት አልታየበትም ነበራ!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ትልቅ መጠን ሰጥቶ ስንት አይጥ ሞተ ብሎ መቁጠር አንድ ጥያቄ ነው። ትንሽ ትንሹ ለወራት ሲጠራቀምስ? ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው። ጀርማኒየም ጉዳት ያደረሰው በሁለተኛው መንገድ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች ኩላሊታቸው የደከመ፣ ደማቸው ያነሰ፣ ጡንቻቸው የላላ ሰዎችን ይመዘግቡ ጀመር። በ1997 የወጣ ግምገማ ቢያንስ 31 ሰዎችን ቆጥሯል፤ የሞቱም አሉበት። በድምሩ የወሰዱት ከ15 ግራም እስከ ከ300 ግራም በላይ ነበር። መውሰድ ያቆሙት እንኳ ኩላሊታቸው የተመለሰው ቀስ ብሎ፣ ያውም ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ነው።

አይጦቹ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። በ1991 የታተመ የጃፓን ሐኪሞች ጥናት አንዱን የአይጥ ቡድን ጀርማኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ሌላውን ጂኢ-132 ለ24 ሳምንት ሰጠ፤ ምንም ያልተሰጠው ሦስተኛው ቡድን ለማነጻጸሪያ ነበር። የዳይኦክሳይዱ ቡድን ኩላሊት ተበላሸ፤ መስጠቱ ከቆመ በኋላም ጠባሳው ቀጠለ። የጂኢ-132ዎቹ ግን እንደ ጤነኞቹ ነበሩ።

“እሰይ፣ ኦርጋኒኩ ነጻ ወጣ!” እንዳትሉ። ዳይኦክሳይድ ጂኢ-132 የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው፤ በደንብ ካልተጣራ ምርቱ ውስጥ ይቀራል። አንዳንዱ ሻጭማ ራሱን ዳይኦክሳይዱን ነው የሸጠው። ጀርማኒየም ላክቴት ሲትሬት የተባለው ሌላው “ኦርጋኒክ” ደግሞ በአውሮፓ ሰው ጎድቷል። ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጧ የበላችው ንጹሑን ነው፤ ገዢው ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነው የሚውጠው።

እንደ ወጉ ቢሆን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነበር። መጀመሪያ 90 ቀን በተለያየ መጠን፣ ከዚያ የአይጥን ዕድሜ አብዛኛውን የሚሸፍን ሁለት ዓመት ገደማ። ደምና ሽንት ይለካል፣ ኩላሊቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጉዳት ያላሳየው ከፍተኛ መጠን ተወስዶ ብዙ ጊዜ ለ100 ይካፈላል፤ ለሰው የሚፈቀደው ያ ነው። እዚህ ግን ረጅሙን ሙከራ ያደረጉት ገንዘብ ከፍለው የገዙት ሕመምተኞች ናቸው፤ የሚያነጻጽራቸውም የሚከታተላቸውም ሳይኖር።

ይህን ለምን አነሳሁት? የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1988 ጀርማኒየም እንዳይገባ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በ1994 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ግን ማሟያ የሚባሉ ምርቶች አብዛኞቹ ከመሸጣቸው በፊት ደህንነታቸውን እንዲያስመሰክሩ አያስገድድም። እኛ ደግሞ ከውጭ ስንመጣ ለእናት ለአባት በሻንጣ የምንይዘው እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ነው፤ በፍቅር። በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊታቸውን ለነካባቸው ወላጆች፣ “ተፈጥሯዊ ነው” የሚለውን ጽሑፍ ከማመን በፊት ለስንት ወር፣ በምን እንስሳ፣ በምን ንጽህና ተፈተነ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሐኪማቸውንም አማክሩ።

ቸር ያሰማን።