ኩረጃ ያልሆነው ቅጂ

በጅማ ግቢያችን ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ ጉዱ ፈላ። በሥዕል ግን መቅዳት ራሱ ትምህርት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ተማሪዎቻቸውን ያሠለጠኑት የቀደመውን ሥዕል እያስቀዱ ነው። ከእንዲህ ያለ ቤተሰብ የወጡት አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው፣ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ።

የዘይት ቀለም ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለሙን የሚይዘው የተልባ ዘይት ነው፤ ያው በጾም የምንጠጣው ተልባ! ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የገላውን ብርሃንና ጥላ ለማዋሃድ ጊዜ ይሰጣል። የድሮ ሊቃውንትን የሰው ምስል የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ብርሃንና ጥላውን በአንድ ቀለም ያወጣል። እናንተ አናቶሚ የተማራችሁ ይገባችኋል፤ ከቆዳው በፊት አጥንትና ጡንቻው መታየት አለበት። ሲደርቅ ቀለሙ በስሱ ይደረባል። ዘይቱ ከታች ያነሰ፣ ከላይ የበዛ ካልሆነ ሥዕሉ ከዓመታት በኋላ ይሰነጣጠቃል።