የደሙ ልክ፦ የአል-ጀዘሪ ሳሕኖችና የሚዛን አደራ

በጎባ አቅራቢያ ባለ የደጋ መንደር ባደግሁበት ዘመን ራስ ምታት የጠናበት ወይም ጀርባው የከበደው ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት አጋሚ ያስጠራ ነበር። አጋሚው ጫፉ የተበሳ የከብት ቀንድ በቆዳው ላይ ይደፋል፤ አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል፤ ቆዳው ሲያብጥ በምላጭ በጥቶ ቀንዱን ይመልሳል። «እስከ መቼ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «መጥፎው ደም እስኪያልቅ» የሚል ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ዋግምት ተደርጎላቸው ሳለ ፊታቸው ነጥቶ ከመቀመጫቸው ወደ ጎን ሲዘነበሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አላህ አተረፋቸው። ምን ያህል ደም እንደፈሰሳቸው ግን ሊናገር የቻለ አልነበረም፤ ደሙ አፈር ላይ ተደፍቶ ነበርና።

ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከዚያ ካልተመለሰ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት አንድ ሙስሊም የእጅ ባለሙያ በቁም ነገር ይዞት፣ በናስ፣ በክርና በተንሳፋፊ መልሶታል። መልሱን መመርመር ለኢማሞችና ለመምህራን የሚሰጠው ጥቅም የታሪክ ኩራት ብቻ አይደለም።

፩. ፈሳሽና ልክ በደረሳው ምንጣፍ ላይ

በባሌ ደጋ በሻፊዒ መዝሀብ የሚማር ደረሳ ገና በጠሃራ ምዕራፍ ከፈሳሽ ልክ ጋር ይተዋወቃል። ውሃ ሁለት ቁላ ከሞላ፣ ጠባዩ እስካልተለወጠ ድረስ ነጃሳ ስለነካው ብቻ አይነጀስም፤ ከዚያ ካነሰ ይነጀሳል። ፉቀሃኡ የሁለት ቁላን መጠን ሲተምኑ በግምት አምስት መቶ የባግዳድ ረጥል ነው ይላሉ። ስለዚህ ሮቤ ውስጥ የሚቀራ ልጅ ባግዳድን በካርታ ላይ ከማየቱ በፊት በሚዛኗ ያውቃታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ፣ በአንድ ሷዕ ይታጠቡ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሷዕ አራት ሙድ ነው፤ አንድ ሙድ ደግሞ ከአንድ ሊትር በታች ነው። ወንዝ አጠገብ ሆኖ እንኳ ውሃን አለማባከን የሚለው ትምህርት በዚህ ላይ ይታነጻል።

እንግዲህ የፈሳሽን መጠን ማወቅ ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ የኢባዳ ጉዳይ ነበር። መሣሪያ ሠሪዎቹም ያደጉት በዚሁ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው።

፪. የሙሳ ልጆች በባግዳድ

በሦስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ሙሐመድ፣ አሕመድና አል-ሐሰን የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች፣ የሙሳ ኢብን ሻኪር ልጆች፣ በአባሲዮች ጥላ ሥር በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክና በሒየል፣ ማለትም በረቂቅ መሣሪያዎች ጥበብ ስመ ጥር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ የተጻፈው «ኪታቡል ሒየል» አንድ መቶ ያህል መሣሪያዎችን ይገልጻል። ብዙዎቹ ለመገረሚያ የተሠሩ ማሰሮዎችና ፏፏቴዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ዕውቀት ግን ጨዋታ አይደለም። ሲፎን፣ ተንሳፋፊና በተለይም ከቀዳዳው ጋር ገጥሞ የሚቀመጥ ሾጣጣ ቫልቭ ተቀናጅተው፣ የሰው እጅ ሳይነካቸው ፍሰቱን በጊዜው ይከፍታሉ፣ በጊዜው ይዘጋሉ።

ወንድማማቾቹ ከባዶ አልተነሡም። የግሪኮቹን የፊሎንንና የኤሮንን ሥራዎች ያውቁ ነበር፤ ለነሑነይን ኢብን ኢስሓቅ ዓይነት ተርጓሚዎች ከገንዘባቸው ይከፍሉ ነበር። የእነርሱ ድርሻ የተረከቡትን አሻሽለው ፍሰትን ራሱ ፍሰቱ እንዲቆጣጠረው ማድረጋቸው ነው።

፫. አል-ጀዘሪ፦ የውዱእ ውሃና የደም ሳሕን

በዲዑዝ ዘማን አቡል ዒዝ ኢስማዒል ኢብኑ ረዛዝ አል-ጀዘሪ በዛሬይቱ ቱርክ ዲያርበኪር ተብላ በምትጠራው በአሚድ ከተማ የአርቱቅ ነገሥታትን ያገለግል ነበር። መጽሐፉን በ602 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. 1206) ፈጸመ። ሃምሳ መሣሪያዎችን በስድስት ክፍል አደራጅቶ ያቀርባል፤ ሰዓቶች፣ የውሃ መሳቢያዎች፣ ፏፏቴዎችና ሌሎችም ይገኙባቸዋል። ለእኛ ልብ የሚስበው ሦስተኛው ክፍል ነው፤ የውዱእ ማንቆርቆሪያዎችንና የፈስድ ሳሕኖችን በአንድነት ይዟልና። ፈስድ ማለት የደም ሥርን ከፍቶ ደም ማውጣት ሲሆን፣ በቀንድ ወይም በዋንጫ ከቆዳ ከሚደረገው ሒጃማ ይለያል።

የውዱእ መሣሪያዎቹን አንዱን ለመሥራት የተነሣው ንጉሡ አገልጋይ ወይም ባሪያ በእጁ ላይ ውሃ እንዲያፈስለት ስለጠላ እንደሆነ ራሱ ይገልጻል። የፈስድ ሳሕኖቹ ግን ከምቾት ይልቅ የሕይወት ጉዳይ ነበሩ። ደም በሰፊ ሳሕን ላይ ሲፈስ ይሰራጫል፤ ዓይን ያታልላል። ጥቂቱ ብዙ፣ ብዙውም ጥቂት መስሎ ይታያል።

የአል-ጀዘሪ መፍትሔ ይህ ነበር፦ በሳሕኑ መካከል በትር የያዘ የመነኩሴ ምስል ይቆማል። ደሙ በሳሕኑ ቀዳዳ በኩል ከሥር ወዳለ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። በዚያ ያለው ተንሳፋፊ ደሙ በጨመረ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ክር መዘውሩን ያንቀሳቅሳል፤ መነኩሴውም ቀስ ብሎ ይዞራል። የበትሩ ጫፍ በሳሕኑ ጠርዝ ላይ ከተቀረጹት ምልክቶች ወደ አንዱ በማመልከት ስንት ድርሃም ደም እንደወጣ ይናገራል። አንድ ድርሃም ወደ 3 ግራም ይመዝናል። በሌላው ሳሕን ላይ በመነኩሴው ፈንታ ሁለት ጸሐፊዎች ተቀምጠው ልኩን በብዕራቸው ያሳያሉ። ሐኪሙ ከእንግዲህ «እስኪያልቅ» አይልም፤ ቁጥር ያያል፣ በቁጥሩ ላይ ያቆማል።

ከመሣሪያው ይልቅ የሰውየው አሠራር ለመምህር የበለጠ ትምህርት አለው። በውሃ ሰዓቶቹ ላይ የቀደሙት ሰዎች የፍሰት መቆጣጠሪያን ልክ የሚያወጡበትን ዘዴ ወስዶ ሞከረው፤ ስሕተት ሆኖ ሲያገኘው ራሱ ደጋግሞ በመሞከር የራሱን ምልክቶች አኖረ። የውሃው ከፍታ ሲቀንስ ፍሰቱ እንዳይደክም በተንሳፋፊና በሾጣጣ ቫልቭ ከፍታውን አንድ ዓይነት አድርጎ ጠበቀ። ቫልቭና መቀመጫው አንድ ጠብታ እንዳያሾልኩ በሻካራ የድንጋይ ዱቄት እርስ በርስ አፋጫቸው። በተግባር ያልተፈተነ ዕውቀት ለእርሱ በእውነትና በሐሰት መካከል የሚዋልል ነበር።

፬. ጥቃቅኖቹ የሕክምና መሣሪያዎች

ከአል-ጀዘሪ ሁለት መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ በአንዳሉስ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (እ.ኤ.አ. 936–1013 ገደማ) ሠላሳ ክፍል ያለውን «አት-ተስሪፍ» አዘጋጀ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ መሣሪያዎችን በሥዕል ያሳያል። ከእነዚህ አንዱ ወደ ፊኛ መድኃኒት የሚረጨው «ዘራቃ» ነው። ከብር ወይም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ቀጭን ቱቦ ሲሆን በጫፉ ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ ሁለቱ በአንድ ወገን፣ አንዱ በሌላው፣ አሉበት። በዚያው ዘመን በግብፅ የሠራው ዐማር ኢብን ዐሊ አል-መውሲሊ ደግሞ የዓይን ሞራን በባዶ መርፌ መጥጦ ማውጣትን በመጽሐፉ ገልጿል።

እዚህ ላይ በሚንበር ላይ ልንጠነቀቅ ይገባል። «ስሪንጅን የሠራነው እኛ ነን» ብሎ መደምደም ታሪክን በልኩ አለመስፈር ነው። ቆዳ ሥር መድኃኒት የሚያስገባው ባዶ መርፌ በ1844 በደብሊን በፍራንሲስ ራይንድ፣ ስሪንጁ ደግሞ በ1853 በአሌክሳንደር ዉድና በሻርል ፕራቫዝ እጅ ተገኘ። አል-ጀዘሪ የቀደሙትን ሰዎች ድካም በግልጽ አመስግኗል፤ እኛም የኋለኞቹን ድርሻ ብንክድ የእርሱን አዳብ እንጥሳለን። አሳንሰው የሚሰፍሩትን የምትወቅሰው ሱራ ከገበያ ሚዛን አልፋ የወሬንም ሚዛን ትነካለች።

፭. ከጠብታ በታች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘመድ ልጅ ሳስታምም፣ አንዲት ነርስ በአንድ ዓይኗ ሰዓቷን፣ በሌላው ከከረጢቱ የሚወርደውን ጠብታ እያየች ስትቆጥር ተመለከትሁ። ለሕፃናት በሚውለው መስመር 60 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ የሚወርደው የጠብታ ቁጥር በሰዓት ከሚገባው ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ይሆናል። ከረጢቱ ከፍ ቢል ፍሰቱ ይፈጥናል፣ ዝቅ ቢል ይዘገያል። አል-ጀዘሪ ቢያይ ጉዳዩን በቶሎ ይረዳው ነበር። በቆላው የባሌ ጤና ኬላዎች ለወባ ምርመራ ከጣት የሚወሰደው ደም 5 ማይክሮ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሊትር ሁለት መቶኛ ነው፤ በስሱ ወረቀት ውስጥ ራሱ ተስቦ ሄዶ ፍርዱን በቀይ መስመር ይጽፋል። መለኪያው ከድርሃም ወደ ማይክሮ ሊትር ወረደ፤ ጥያቄው ግን «ምን ያህል?» የሚለው እንደሆነ ነው።

በከተሞቻችን ሒጃማ እንደገና እየተስፋፋ ነው። ሱንና መሆኑ ልብን ደስ ያሰኛል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ጠይባ በሒጃማ ሲያክማቸው ዋጋውን ከፍለውታል። እርሳቸውም ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። እንግዲህ ኢማም ምክር ሲጠየቅ ሦስት ነገሮችን ቢያሳስብ ከአማናው ወገን ይቆጠራል፦ የሠለጠነ እጅ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ፣ እንዲሁም የወጣው ደም ልኩ የሚታይበትና የሚመዘገብበት ዋንጫ። መምህሩም የሙድን ትምህርት ሲያስተምር ውሃ በመስፈሪያ ቀድቶ ለደረሳው ያሳየው።

ያ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ዓመታት ኖረዋል። ወደ አጋሚ ግን አልተመለሱም። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ ቀንዱን እንደማይጠሉ፣ የወጣውን የሚቆጥር ሰው ቢያገኙ ግን እንደሚሻላቸው ይናገሩ ነበር።